ኮሮላ ከሥሩ ሲታይ፦ የአንድ የቤት መኪና 12 ትውልዶች

(ጅማ ውስጥ ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች፣ ለጋራዥ ባለሙያዎችና ለሹፌሮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ? አካም ኦልተኒ?

ጋራዥ ዘግታችሁ፣ ሥራ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ መኪና ነው። አንዳንዶቻችሁ ነድታችሁታል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሥሩ ተኝታችሁ ዘይቱ ፊታችሁ ላይ ፈሶባችኋል። ቶዮታ ኮሮላ።

ኮሮላ ገበያ ላይ የወጣው በ1966 ነው። የመኪናዎቹን ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ሊብሬ ላይም የሥሪት ዘመን የሚጻፈው እንደዚያ ስለሆነ አይከብዳችሁም። ከዚያ ወዲህ 12 ትውልድ ተፈራርቋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሸጠው ኮሮላ ጠቅላላ ብዛት በ2021 ከ50 ሚሊዮን አልፏል። በአንድ ስም ይህን ያህል የተሸጠ መኪና የለም።

ስለ እነዚህ ትውልዶች ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው አዲስ መኪና ከሱቅ ከሚያወጣ ሰው ዓይን ነው። መልኩ እንዴት ተቀየረ፣ ወንበሩ እንዴት አማረ፣ ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሰከንድ ይገባል። እኛ ጋ መኪናው የሚመጣው ሌላ አገር አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ ነው። እዚህ ሁለተኛ ሕይወቱን ይጀምራል። ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው የሚረዝመው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ትውልዱ በተቀየረ ቁጥር ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ባለቤት ምን ተጨመረለት? መካኒኩስ ምን አተረፈ፣ ምን አጣ?

ለዚህ ጥያቄ ከጅማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከአዲስ አበባ እስከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ፣ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። እዚያ ፍሬኑ ይፈተናል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሰኮሩ ሲወጣ ራዲያተሩ ይፈተናል። ከዚያ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ጅማ። ከተማ ሲገባ ዝናቡ አለ፤ ቀይ ጭቃው አለ፤ ወደ ጅሬን የሚያወጣው ዳገት አለ። ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ጌራ የሚሄድ ሰው ደግሞ ፈተናው ገና ነው። የቤት መኪና ተብሎ የተሠራው መኪና እኛ ጋ ኮንትራት ታክሲ ነው፤ የሙሽራ መኪና ነው፤ በቡና ወቅት ደግሞ የጭነት መኪና ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ሰውየው ታትሱዎ ሃሴጋዋ ይባላል። የመጀመሪያው ኮሮላ ዋና መሐንዲስ ነው። የተማረው ግን አውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታቺካዋ በሚባል የአውሮፕላን ኩባንያ ተዋጊ አውሮፕላን ይነድፍ ነበር። ጃፓን ስትሸነፍ አውሮፕላን እንዳትሠራ ተከለከለች። ሃሴጋዋም እንደ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ወደ መኪና ዞረ፤ ቶዮታ ገባ።

ከኮሮላ በፊት ፐብሊካ የምትባል ትንሽ መኪና ሠርቷል። በ1961 ወጣች። 697 ሲሲ (ሲሲ የሞተር መጠን መለኪያ ነው)፣ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነበራት። ርካሽ እንድትሆን ተብሎ ብዙ ነገር ተቀንሶባታል። ሰዉ ግን የተጠበቀውን ያህል አልገዛትም። ጃፓናዊው ሠራተኛ ደሞዙ እያደገ ነበር። ቤተሰቡን ጭኖ ሲወጣ ጎረቤት የሚያየው መኪና ነው። ድህነቱን የሚናገርበት መኪና አልፈለገም። ይሄ ስሜት ለእኛም ባዕድ አይደለም።

ሃሴጋዋ ከዚያ ትምህርት ወስዶ አንድ መርህ አወጣ። «80 ነጥብ ሲደመር አልፋ» ይለው ነበር። መኪናው በሁሉም ነገር ቢያንስ 80 ከመቶ ማግኘት አለበት፤ በአንዱም መውደቅ የለበትም። ፍሬኑ 80፣ መቀመጫው 80፣ ነዳጅ ቁጠባው 80። ግን በሁሉም 80 ብቻ ያገኘ መኪና ሰው አይወድደውም። ስለዚህ በአንዳንድ ነገር ከ90 በላይ ሄዶ ልብ መግዛት አለበት። አልፋው ያ ነው።

አልፋው ምን ነበር? በዚያ ዘመን የቤተሰብ መኪና ማርሽ መሪው አንገት ላይ ነበር። ሃሴጋዋ ወለል ላይ አወረደው፤ አራት ማርሽም ሰጠው። ሞተሩን 20 ዲግሪ ያህል አጋድሞ ኮፈኑን ዝቅ አደረገ። የፊት እግሩ ላይ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ምላስ) በመተው ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ የያዘውን የማክፈርሰን አሠራር አስገባ። ዛሬ በየቀኑ የምትፈቱት ያ ነው።

ሌላው 100 ሲሲ ነው። ተወዳዳሪው ኒሳን በዚያው ዓመት ሰኒ የተባለች መኪና በ1,000 ሲሲ አወጣ። ኮሮላም መጀመሪያ የታሰበው በ1,000 ነበር። ቶዮታ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ሞተሩን ወደ 1,077 ሲሲ አሳደገው። ማስታወቂያውንም በዚያች 100 ሲሲ ብልጫ ላይ ሠራ። ጉልበቱ 60 ፈረስ ነበር። ክብደቱ 700 ኪሎ አካባቢ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር። ያችን 100 ሲሲ አትናቋት። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ያለ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሚሠራ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። 60 ፈረስ የነበረው 50 አካባቢ ይሆናል። ዳገት ላይ አምስት ሰው ጭኖ ማርሽ የቀነሰ ሹፌር ልዩነቷን ያውቃታል።

ያ ሞተር «ኬ» ይባላል። ብሎኩ ብረት ነው። ቫልቮቹ በዘንግ እየተገፉ ይከፈታሉ። ታይሚንጉ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስተባብረው፣ በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው። ውስብስብ ነገር የለውም። መጠኑ እያደገ ወደ 1,166 ሲሲ፣ በኋላም ወደ 1,290 ሲሲ ደርሶ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ ኮሮላ ውስጥ ቆየ።

ሁለተኛው ትውልድ በ1970 መጣ። ሰፋ አለ፣ ሞተር ተጨመረለት። ብዙ የምለው የለኝም።

ሦስተኛው የወጣው በኤፕሪል 1974 ነው። ወቅቱን ልብ በሉት። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1973 መጨረሻ፣ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከልክለው የዓለም የነዳጅ ዋጋ በብዙ እጥፍ ጨመረ። እኛ አገር በየካቲት 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ። የመጣውን ሁሉ ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ኮሮላ የወጣው ከዚያ ሥራ ማቆም ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። ዓለም ትንሽና ቆጣቢ መኪና በሚፈልግበት ሰዓት ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ሳይቀር ወደ እሱ ዞረ። ለዚህ መኪና ዓለም አቀፍ ዝና የሰጠው የነዳጅ ችግር ነው ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው በ1979 መጣ። እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ትውልድ መኪና ዛሬም ጅማ መንገድ ላይ አለ። እኛ አገር «ዲኤክስ» ሲባል ሰው የሚያስበው የዚህን ዘመን መኪኖች ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ መሬቱ ይታያችኋል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ካምቢዮው ከኋላው፤ ከዚያ እስከ ኋላ ዲፈረንሻል ድረስ ረጅም ዘንግ። ሁሉም ነገር እጅ ይገባዋል። ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ለመፍታት ሌላ ነገር ማውረድ የለባችሁም። ፍሪሲዮን ለመቀየር ሁለት ሰውና ግማሽ ቀን ይበቃል። የኋላ ባሌስትራውም በቤት መኪናው ላይ በሞላ ተተካ። ስቴሽን ዋገኑ ግን ጭነት ስለሚጭን ባሌስትራውን ይዞ ቀረ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

የዚህ መኪና ድካም ካርቡራተሩ ነው። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። በተበጀለት ጂግለር (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ያንኑ ቤንዚን ይልካል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ መኪና ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጭሱ ይጠቁራል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ጊቤ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳል፤ ከዚያ በሙቀቱ ላይ ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ ይግላል። የድሮ የጅማ መስመር ሹፌሮች ጄሪካን ውሃ ይዘው የሚሄዱት በከንቱ አልነበረም። ጥሩ መካኒክ ካርቡራተሩን በጆሮው ያስተካክለዋል። ያንን ሙያ የያዙ አባቶች ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ልጆች፣ ሳይረፍድ ጠይቋቸው።

አምስተኛው ትውልድ በ1983 መጣ። በእኔ እይታ ከ12ቱ ሁሉ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። መኪናው በኋላ ጎማ መገፋቱ ቀርቶ በፊት ጎማ መጎተት ጀመረ።

ምን ማለት ነው? ሞተሩ በአግድም ተቀመጠ። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከጎኑ ተጣበቁ። ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ጠፋ። በወንበሮቹ መካከል የነበረው ጉብታ ዝቅ አለ፤ መሀል የሚቀመጠው ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት አገኘ። መኪናው ብዙ ሳያድግ ውስጡ ሰፋ። ክብደት ቀነሰ፤ ነዳጅ ቀነሰ። የሞተሩ ክብደት ጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ በጭቃ መንገድ ላይ መያዝ ቻለ።

መካኒኩ ግን ሥራው ተለወጠበት። ኮፈን ሥር ያለው ቦታ ጠበበ። ፍሪሲዮን ለመቀየር የፊት አክሶቹ መውጣት አለባቸው። የአክሱን መጋጠሚያ የሚሸፍነው ጎሚኒ ከተቀደደ ጭቃና አሸዋ ይገባል፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ መሪ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። የጅማ ክረምት ለዚህ ጎሚኒ መጥፎ ወቅት ነው። ርካሽ ዕቃ ነው። በጊዜው ሳይቀየር ቀርቶ አክሱን ሙሉ ሲያስበላ ሳይ አዝናለሁ። በየዘይት ለውጡ ዝቅ ብላችሁ እዩት፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

እዚህ ጋ ስለ ቶዮታ ጠባይ አንድ ነገር ልበል። በፊት ጎማ የሚጎተት ትንሽ የቤተሰብ መኪና በ1983 አዲስ ነገር አልነበረም። ሆንዳ ሲቪክ በ1972፣ ቮልስዋገን ጎልፍ በ1974 ወጥተዋል። ቶዮታ ራሱ በ1978 ተርሴል በተባለች ሌላ መኪናው ላይ ሞክሮታል። ኮሮላ ላይ ያመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜም ሙሉ በሙሉ አልተለወጠም። ሁለት በሩ የስፖርት ኮሮላ በኋላ ጎማ እየተገፋ ቀረ፤ ዛሬ በመኪና ውድድር ወዳጆች ዘንድ ዝነኛ የሆነው እሱ ነው። ስቴሽን ዋገኑም በአሮጌው አሠራር እስከ 1987 ተመርቷል።

ዘገየ ብለው የሚተቹት አሉ። እኔ ግን በዚህ መዘግየት የተጠቀምነው እኛ ነን እላለሁ። አዲስ ቴክኖሎጂ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ዋስትና አለው፤ ይወስደውና ያሠራዋል። አሥር ዓመት ቆይቶ ጅማ ላይ የገዛው ሰው ዋስትናው እናንተ ናችሁ። ሌላ መኪና ላይ ተፈትኖ፣ ጉድለቱ ተለቅሞ ወደ ኮሮላ የመጣ ነገር እናንተ ጋ ሲደርስ በስሏል። ይሄ ጠባይ በኋለኞቹም ትውልዶች ይደጋገማል።

ስድስተኛው በ1987 ወጣ። ያልተለወጡት ሞዴሎችም ተከትለው ወደ ፊት ጎማ ተዛወሩ፤ አሠራሩ ተስተካከለ፤ ቀጠለ።

ሰባተኛውን ስታዩት ግን ከሌሎቹ የተለየ ነገር አለው። በ1991 የወጣ ነው። የተነደፈው የጃፓን ኢኮኖሚ ገንዘብ ሲያፈስ በነበረበት ዘመን ነው። መሐንዲሶቹ አልተሳሰቱም። የበሩን ድምፅ ስሙት። የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ ንኩት። ከ30 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም የማይንቀጫቀጭ አለ። ስምንተኛው በ1995 ሲመጣ ያ ዘመን አብቅቶ ነበር። ወጪ ቀንሱ ተባለ፤ መኪናው ቀለለ፤ ውስጡም ቀለል አለ። መጥፎ መኪና አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ብታዩአቸው ግን የአንድ አገር ሀብትና ጭንቀት በመኪና ውስጥ ይታያችኋል። ለእኔ ሰባተኛው ይበልጣል። ብትፈልጉ ተከራከሩኝ።

በእነዚህ ትውልዶች መካከል ነው ካርቡራተር ቀስ በቀስ ለኢንጀክሽን ቦታውን የለቀቀው። ለደጋ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር በሴንሰር ይለካና ቤንዚኑን ይመጥናል። ጊቤ ሲወርድ ይጨምራል፤ ሰኮሩ ሲወጣ ይቀንሳል። ጆሮ የሚሠራውን ሥራ እሱ ይሠራዋል። አየሩ መሳሳቱ ጉልበት ይቀንሳል፤ ያንን ኢንጀክሽንም አያስቀረውም። ቤንዚን ማባከኑን ግን ያስቀራል።

በ1997 ኮሮላ የቮልስዋገን ቢትልን ሽያጭ አለፈ። ቢትል እኛ አገር «ቮልስ» የምንላት ናት። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ቮልስ በጠቅላላው 21 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ተሠርታለች፤ መሠረታዊ አሠራሯም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነበር። ኮሮላ ደግሞ በዚያን ጊዜ ስምንተኛ ትውልድ ላይ ነበር፤ ከመጀመሪያው የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይከብዳል። ቮልስ አንድን ነገር ሳይለውጡ ማሻሻል ምን እንደሚመስል አሳይታለች። ኮሮላ ስሙን ጠብቆ ሁሉን መለወጥ እንደሚቻል አሳየ።

ዘጠነኛው በ2000 መጣ። ዛሬ ጋራዣችሁ ውስጥ የሚበዛው ምናልባት እሱ ነው። በዚህ ትውልድ አዲስ ሞተር ገባ። ከ«ኬ» በኋላ የመጡት ሞተሮች ታይሚንግ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነበር። ቺንጋ በተወሰነ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭ የማይጎዳባቸው ሞተሮች ነበሩ፤ 1.6ቱ 4ኤ-ኤፍኢ አንዱ ነው። አዲሶቹ ሞተሮች እንደ ድሮው «ኬ» በካቴና ሆኑ። ቪቪቲአይ የተባለውም መጣ። የቫልቩን መክፈቻ ሰዓት እንደ ሞተሩ ፍጥነት የሚያስተካክል ነው፤ የሚሠራውም በሞተሩ በራሱ ዘይት ግፊት ነው።

ይሄ ማለት ዘይቱ አሁን ማለስለሻ ብቻ አይደለም። እንደ ክፍል ሆኖ ይሠራል። የቆሸሸ ዘይት ቀጭኗን መተላለፊያ ይዘጋል፤ ካቴናውን ይበላል። «ኬ» ሞተር በቆሸሸ ዘይት ብዙ ይታገሥ ነበር። ይሄኛው አይታገሥም። ለደንበኛ ዘይት ጊዜው ደርሷል ስትሉት «ትንሽ ይቆይ» ካላችሁ ይሄን አስረዱት። ከ2000 እስከ 2002 አካባቢ የተሠሩት 1,794 ሲሲ ሞተሮች ደግሞ የፒስተን ቀለበታቸው ዘይቱን በደንብ ስለማይመልስ ዘይት ይጠጣሉ። በኋላ ፒስተኑ ተሻሽሏል። እንዲህ ዓይነት ሞተር ሲገጥማችሁ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ለማውረድ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የሥሪት ዘመኑን እዩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለምን 1.3 ሞተር እንደሚወደድ ታውቃላችሁ? አንዱ ምክንያት ቀረጥ ነው። በ1995 ዓ.ም በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር። ስለዚህ 1,298 ሲሲ ያለው መኪና ተፈላጊ ሆነ። ሞተር መርጦልን የነበረው የታክስ ሠንጠረዥ ነው። ጅማ ዳገት ላይ ያ ትንሽ ሞተር ሲያቃስት ስትሰሙ ይሄን አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ደግሞ ያረጁ መኪኖችን ታክስ በጣም አከበደው። እነ ቪትዝ ዋጋቸው የተሰቀለው ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ነው።

ቪትዝን ካነሳን አይቀር፣ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቪትዝን ትንሽ መኪና ነው የምንላት። የመጀመሪያው ኮሮላ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2,285 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ 2,370 ነው። በ2010 የወጣችው ቪትዝ በጠቅላላ ርዝመትም የ1966ቱን ኮሮላ ትበልጣለች። የዛሬው ኮሮላ ሴዳን ደግሞ 4 ሜትር ከ63 ሆኗል፤ ወርዱም ከ1,485 ሚሊ ሜትር ወደ 1,780 ሰፍቷል። ክብደቱ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ኮሮላ ከፍ ሲል የድሮ ቦታው ባዶ ቀረ። ቪትዝ ገባችበት። ቤተሰብ ወደፊት ሲያድግ ታላቅየው የለቀቀውን አልጋ ታናሹ እንደሚይዘው ነው።

አሥረኛው በ2006 ወጣ። ጃፓን ውስጥ ኮሮላ አክሲዮ የሚባል ጠባብ ዓይነት ቀርቶለት ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ ወርዱ ከ1,700 ሚሊ ሜትር ያለፈ መኪና ወደ ከፍተኛው መደብ ይገባል። አሥራ አንደኛው ላይ ይሄ ልዩነት ጭራሽ መኪናውን ለሁለት ከፈለው። በ2012 የወጣው የጃፓኑ በቪትዝ መሠረት ላይ ተሠራ። በ2013 ለተቀረው ዓለም የወጣው ትልቁ ነው፤ የጎማ ርቀቱ 2,700 ደርሷል። ስሙ አንድ፣ መኪናው ሁለት። ዕቃ ስታዙ የሻንሲ ቁጥሩን ሳታዩ «የ2013 ኮሮላ» ብላችሁ አትዘዙ። የማይገጥም ዕቃ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

አሥራ ሁለተኛው በ2018 መጣ። ከሥሩ አዲስ ነው። ወለሉ ዝቅ ብሏል፤ የኋላ እግሩ ሁለቱ ጎማ ለየብቻ የሚንቀሳቀስበት ሆኗል። ኩርባ ላይ ያለው አያያዝ ከቀደሙት ጋር አይወዳደርም። ለሚያስተካክለው ሰው ግን የሚያልቀው ጎሚኒና መጋጠሚያ ቁጥር ጨምሯል። ፊት ለፊቱ ካሜራና ራዳር አለው፤ መስተዋት ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አብሮ የሚጠቀመው ሃይብሪድም በሰፊው ቀረበ። እዚህም ላይ ያው ጠባይ ታያላችሁ፤ ቶዮታ ሃይብሪድን በፕሪየስ የጀመረው በ1997 ነው።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሪሞንት የሚባል ቦታ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ ከ1984 ጀምሮ በጋራ የሚያመርቱበት ፋብሪካ ነበር። ኮሮላ ይሠራበት ነበር። በኤፕሪል 2010 ሲዘጋ የመጨረሻዋ የወጣችው መኪና ኮሮላ ናት። ያንን ፋብሪካ በዚያው ዓመት ቴስላ ገዛው። ዛሬ ኤሌክትሪክ መኪና ይሠራበታል።

ወደ እኛው እንመለስ። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ይሄ ሁለት ነገር ያመጣባችኋል፤ ሁለቱም አብረው ነው የሚመጡት።

አንደኛው፣ አሁን አገር ውስጥ ያሉት ኮሮላዎች ረጅም ዕድሜ መኖር አለባቸው። ተተኪ እየመጣላቸው አይደለም። ስለዚህ መካኒክ «ይጣል» ከማለቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ። ማሠልጠኛ ተቋማትም ካርቡራተርና የድሮ ሞተር «አርጅቷል» ብለው ከትምህርቱ እንዳያወጡት አጥብቄ እጠይቃለሁ። መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ትምህርት ውስጥ መኖር አለበት። ከ2001 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የተሸጡ የቤንዚን መኪኖች ባለ 16 ፒን የመመርመሪያ ሶኬት አላቸው። የመመርመሪያ ማሽን የሌለው ጋራዥ ሴንሰር በግምት ይቀይራል፤ ደንበኛው በከንቱ ይከፍላል። ብቻችሁን መግዛት ካልቻላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ግዙ።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ከጅማ ዓይን ካየነው ጥሩ ነገር አለው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። ስለዚህ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ጉልበት ጅሬን ዳገት ላይም አለ። ጊቤን ሲወርድ ደግሞ ፍሬን በመጠቀም ፋንታ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። የፍሬን ሸራው ዕድሜ ይረዝማል። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ማርሚታ የለም። ግን ጎማ አለ፣ ኩሽኔታ አለ፣ አሞርዛተር አለ፣ ጎሚኒ አለ፤ መኪናው ከባድ ስለሆነም ቶሎ ያልቃሉ። ሥራ አታጡም። የሚያሳስበኝ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ ላይ የቻርጅ ጣቢያ ጉዳይ ነው። እሱ ሳይሟላ ለጅማ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ መኪና የከተማ መኪና ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ጥያቄ ደግሞ የኮሮላን ታሪክ ስንናገር የቆየነው ነው። ኮሮላ ሁሉንም ዘግይቶ ሲቀበል ኖረ፤ እኛም በዚያ ተርፈናል። አሁን የሚመጡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ገና የመጀመሪያ ትውልድ ናቸው። በሁለተኛ ሕይወታቸው አልተፈተኑም። ስለዚህ መኪና ሊገዛ አማክሩኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው ስለ ስክሪኑ ስፋት አትንገሩት። የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመት ነው? እዚህ አገር ይሠራል? ባትሪው በክፍል በክፍል ተፈትቶ ይጠገናል ወይስ ሙሉው ነው የሚቀየር? መለዋወጫ የሚያመጣ ወኪል አለ? መልስ ካላገኘ ትንሽ ይቆይ።

ሠልጣኞች፣ ለእናንተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሃይብሪድም ሆነ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ብዙ መቶ ቮልት ነው። ይገድላል። ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ መንቀል ብቻውን አያድናችሁም። የትልቁ ባትሪ ማቋረጫ ወጥቶ፣ አምራቹ የሚለው ደቂቃ ተጠብቆ፣ በመለኪያ ዜሮ መሆኑ ተረጋግጦ ነው የሚነካው። ለቮልቴጁ የተሠራ ጓንት ያስፈልጋል፤ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አይሆንም። ሳትሠለጥኑ ደንበኛ ቢለምናችሁም፣ ገንዘብ ቢጨምርላችሁም እምቢ በሉ። አሠሪም ልጁን ሳያሠለጥን እንዳያስገባው።

አሁን ወደ ግቢ እንውረድ። አንድ አራተኛ ትውልድ፣ አንድ ዘጠነኛ ትውልድ ኮሮላ አቁመናል። ኮፈናቸው ክፍት ነው። መጀመሪያ የዘጠነኛውን የአክስ ጎሚኒ ታዩና የተቀደደው የቀኙ ይሁን የግራው ትነግሩኛላችሁ።